አማርኛችንን ፎቶ አናድርገው፤ በጆሮ የሚያነብም አለ

የምኖርበትን አገር የግብር ህግ ማንም ሳይረዳኝ በጆሮዬ አነባለሁ። የባንክ ሂሳቤን፣ የቤት ኪራይ ውሌን፣ የስራ ባልደረቦቼ የጻፉትን ሺህ መስመር ኮድ እንዲሁ። ራሴን ችዬ ማንበብ ያቃተኝ አባል የሆንኩበት እድር በአማርኛ የሚለጥፈውን ማስታወቂያ ነው። ለእሱ ሰው መጥራት አለብኝ። ዓይነ ስውር ነኝ፤ ሙያዬ ሶፍትዌር ምህንድስና ነው። በሰው አገር ቋንቋ ራሴን ችዬ፣ በገዛ ቋንቋዬ መሪ የምፈልግ ሆኛለሁ።

ነገሩ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ የግል ብሶቴን ይዤ አደባባይ አልወጣም ነበር። ግን ከአገር የወጣው ትውልድ እያረጀ ነው። በግላኮማ፣ በስኳር በሽታ፣ በእርጅና ምክንያት ዓይናቸው እየደከመ ያሉ እናቶችና አባቶች በየቤታችን አሉ። ስልክ አላቸው፤ ቴሌግራምና ፌስቡክም ይከፍታሉ። የአገራቸውን ወሬ ማንበብ ግን አልቻሉም። ልጃቸውን "እስቲ ይቺን አንብብልኝ" ሲሉት ደግሞ ልጁ እዚህ ተወልዶ ፊደል አይለይም። የሚያነበው አያይም፣ የሚያየው አያነብም። በብዙ ቤት ያለው ጉድ ይሄው ነው።

ብዙዎች ይህን ሲሰሙ "አይ፣ ቴክኖሎጂው ገና አማርኛ ላይ አልደረሰም" ይላሉ። በከፊል እውነት ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ትልቁ እንቅፋት ግን ቴክኖሎጂው አይደለም፤ የእኛ ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ ያለ ገንዘብ ይስተካከላል።

ጆሮ እንዴት ያነባል?

ዓይነ ስውር ሰው ኮምፒውተር የሚጠቀመው ስክሪን ሪደር በሚባል ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሁፍ ወስዶ ወደ ድምጽ ይቀይራል፤ ወይም ብሬል ማሳያ ወደሚባል መሳሪያ ይልከውና ነጥቦቹ ከጣት ስር ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ማውስ አንነካም። በኪቦርድ ከርዕስ ወደ ርዕስ፣ ከሊንክ ወደ ሊንክ እየዘለልን እንሄዳለን፤ እናንተ ገጹን በዓይናችሁ ገረፍ እንደምታደርጉት ማለት ነው። የለመደ ሰው ድምጹን በጣም ያፈጥነዋል። አጠገቤ የሚቀመጡ የስራ ባልደረቦቼ ከጆሮ ማዳመጫዬ የሚያመልጠውን ድምጽ ሰምተው ቋንቋው ምን እንደሆነ እንኳን መለየት አልቻሉም። ኮድ ስጽፍ ደግሞ መስመሩ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ ስክሪን ሪደሩ ከፍና ዝቅ በሚል ቃና ይነግረኛል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሬይ ከርዝዌል የታተመ ገጽ አይቶ ጮክ ብሎ የሚያነብ ማሽኑን ለህዝብ ያሳየው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። በ1989 ቴድ ሄንተር፣ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ የነበረና በመኪና አደጋ ዓይኑን ያጣ ሰው፣ ጆውስ የተባለውን ስክሪን ሪደር ለገበያ አቀረበ። ጆውስ ጥሩ ነው፤ ግን ውድ ነው። ከዚያ በ2006 ሁለት አውስትራሊያውያን፣ ማይክል ከራንና ጄምስ ቴህ፣ ኤንቪዲኤ የተባለውን ነጻ ስክሪን ሪደር መስራት ጀመሩ። ሁለቱም ዓይነ ስውራን ናቸው። ዛሬ አዲስ አበባ ያለ ተማሪም፣ ዱባይ ያለ ሰራተኛም አንድ ሳንቲም ሳይከፍል ዊንዶውስ ኮምፒውተሩ ላይ ይጭነዋል። በ2009 ደግሞ ቮይስኦቨር ከአይፎን ጋር፣ ቶክባክ ከአንድሮይድ ጋር መጡ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ገዝቶ ተጨማሪ መሳሪያ መፈለግ ቀረ። አንባቢዬ ሆይ፣ በኪስህ ያለው ስልክ አሁኑኑ መናገር ይችላል፤ በማስተካከያው ውስጥ ማብራት ብቻ ነው የሚፈልገው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንያዝ፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመነጫልና። ስክሪን ሪደር የሚያነበው የፊደሉን ቅርጽ አይደለም። ከቅርጹ ጀርባ ያለውን ቁጥር ነው። በኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ካለ ድምጽ ይወጣል። ፎቶ ላይ ግን ቁጥር የለም፤ ነጠብጣብ ቀለም ብቻ ነው። ለእናንተ "አስቸኳይ ስብሰባ" ተብሎ በቀይ የተጻፈው ነገር ለእኔ ስልክ "ምስል" ከሚል አንድ ቃል አይበልጥም።

ፊደላችን ወደ ኮምፒውተር የገባበት መንገድ

የፎቶው ልማድ ከየት መጣ? በክፋት የመጣ አይደለም፤ ታሪክ አለው።

አማርኛ በኮምፒውተር መጻፍ ሲጀመር ለፊደሎቻችን የጋራ ቁጥር አልነበረም። ስለዚህ እያንዳንዱ የፎንት ሰሪ በራሱ መንገድ ሄደ። የላቲን ፊደላትን ቦታ ወስዶ በላያቸው ላይ የእኛን ቅርጽ ሳለባቸው። ኮምፒውተሩ በሆዱ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ በፊቱ የሚያሳየው አማርኛ ነው። ፎንቱ ያለው ሰው አማርኛ ያያል፤ የሌለው ደግሞ ዝባዝንኬ። ያኔ የጻፉትን ነገር ሳይበላሽ ለሌላ ሰው ለማድረስ አስተማማኙ መንገድ ፎቶ አድርጎ መላክ ነበር። ሰው የለመደው በምክንያት ነው።

ያ ዘመን ግን አልፏል። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ስርዓት በ1999 እ.ኤ.አ. የግዕዝ ፊደላትን አካቶ ለእያንዳንዳቸው ቋሚ ቁጥር ሰጠ። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ወጣ። ዛሬ አንድሮይድም አይፎንም ፊደላችንን ይዘው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ከሳንሆዜ ተልኮ ሪያድ ሲደርስ ያው አማርኛ ነው። ፎቶ የማድረጉ ምክንያት ሞቷል፤ ልማዱ ግን ቀብር አልወጣለትም።

የድሮዎቹ ፎንቶችም ቢሆኑ ፈጽመው አልጠፉም። ዛሬም በፒዲኤፍ የሚሰራጩ መጽሐፍትና መጽሔቶች ውስጥ በዚያ ዘዴ የተለቀሙ አሉ። ለሚያይ ሰው ንጹህ አማርኛ ናቸው። ስክሪን ሪደር ሲከፍታቸው የሚሰማው ግን ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት መአት ነው። ከሚወዱት ደራሲ መጽሐፍ ላይ አንድ ቃል ቀድተው በሌላ ቦታ ለጥፈው ያውቃሉ? የሚወጣው እንቆቅልሽ ከሆነ፣ እኔ የምሰማው ያንኑ ነው።

አማርኛን ማናገር ለምን ይከብዳል?

አሁን ቃል ወደ ገባሁበት ልመለስ። ጽሁፉ በዩኒኮድ ቢጻፍም አማርኛን የሚያናግር ድምጽ ያስፈልጋል። ይሄ ስራ ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም ፊደላችን የማይጽፋቸው ነገሮች አሉ።

መጥበቅና መላላትን ውሰዱ። "ገና ነው" ብዬ ብጽፍ፣ ጊዜው አልደረሰም ማለቴ ነው ወይስ የልደት በዓል ነው? "ዋና" መዋኘት ነው ወይስ ዋነኛ? "አለ" ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? "ይበላል" የሚለው ሰውየው እንጀራ ይበላል ነው ወይስ እንጀራው ይበላል? እኛ ዓረፍተ ነገሩን አይተን ሳናስብ እንለየዋለን፤ ፕሮግራሙ ግን መማር አለበት። ሳድስም አለ። "ትምህርት" የሚለው ቃል አምስት ፊደል ነው፤ አምስቱም ሳድስ ናቸው። የቱ ጋ ድምጽ ገብቶ የቱ ጋ እንደሚዋጥ የሚያውቀው የቋንቋው ልጅ ነው። አህጽሮተ ቃሎቻችን ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ናቸው፤ ያልሰለጠነ ድምጽ "ት/ቤት"ን ሲያነብ መሃል ላይ ያለውን ዝንባሌ መስመር እንደ ቃል ይጠራዋል፤ "ዓ.ም." ላይ ሲደርስ ዓረፍተ ነገሩ ያለቀ ይመስለውና ትንፋሽ ይወስዳል።

እንዲያም ሆኖ መንገዱ ተጀምሯል። ኤንቪዲኤ ይዞት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው ነጻ ድምጽ አማርኛ ይሞክራል። ብረት ብረት ይላል፣ ያጠብቃል ያላላል፤ ግን ለለመደ ጆሮ መልእክቱን ያደርሳል። ማይክሮሶፍት ደግሞ መቅደስና አምሃ የሚል ስም የሰጣቸው ሁለት የአማርኛ ድምጾች አሉት፤ ኤጅ በተባለው የኢንተርኔት ማሰሻው ውስጥ አንድ የአማርኛ ገጽ ከፍቶ "ጮክ ብለህ አንብብ" ለሚለው ሰው ያነቡለታል። መቅደስን የሰማ ሰው ኮምፒውተር መሆኗን ለጥቂት ጊዜ ሊረሳ ይችላል። እንደኔ እንደኔ ዓይናቸው የደከመ ወላጆች ያሉት ሁሉ ዛሬ ማታ ይሄን አንድ ነገር ቢያሳያቸው፣ ለዓመት በዓል ከሚገዛላቸው ጋቢ አይተናነስም።

ስለዚህ "ቴክኖሎጂው አልደረሰም" የሚለው መልስ አያዋጣም። አምሃና መቅደስ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። የሚያነቡት ጽሁፍ ነው የጠፋው፤ ፎቶ አድርገነዋልና።

"ኤአይ አለ አይደል?"

ወጣቶች ይሄን ሳነሳ "አሁን እኮ ኤአይ አለ፤ ፎቶውን ያነብልሃል" ይሉኛል። እውነት አላቸው፣ በከፊል። ከምስል ላይ ፊደል የሚለቅሙ ፕሮግራሞች አማርኛንም ያውቃሉ፤ ቴሰራክት የተባለው ነጻ ፕሮግራም አንዱ ነው። ቢ ማይ አይስ የተባለው በዴንማርካዊ የተጀመረና በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ አገልግሎት ዓይነ ስውራንን በቪዲዮ ከፈቃደኛ ሰዎች ጋር ያገናኝ ነበር፤ በ2023 ደግሞ ፎቶ አይቶ የሚናገር ኤአይ ጨመረ። እኔም በየቀኑ እጠቀምባቸዋለሁ። የወተት ካርቶን ላይ የተጻፈውን ቀን ለማወቅ፣ ሸሚዜ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ለመጠየቅ ተወዳዳሪ የላቸውም።

ግን እነዚህ ፕሮግራሞች ይገምታሉ። ፊደላችን ደግሞ ለግምት አይመችም። ለ እና ሰ፣ ጠ እና ጡ፣ ፐ እና ፕ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው። በጨለማ የተነሳ፣ ማህተም ያረፈበት፣ ሦስት ጊዜ ከቴሌግራም ቴሌግራም የተዘዋወረ ፎቶ ላይ ጭረቷ ትጠፋለች። ኤአዩም "አልታየኝም" ከማለት ይልቅ በሙሉ ልብ የሌለ ነገር ያነብልሃል። የሀዘን ማስታወቂያ ላይ የሟቹን ስም ቢሳሳት፣ የፓስፖርት እድሳት ቀጠሮ ላይ ቀኑን ቢያዛንፍ፣ የመዋጮ ሂሳብ ቁጥር ላይ አንዱን ቁጥር ቢለውጥ እኔ በምን አውቃለሁ? ማረጋገጫው ዓይን ነው፤ ዓይኑ ደግሞ የለኝም።

በዚያ ላይ ምስጢርም አለ። የሃኪም ውጤትን፣ የፍርድ ቤት ደብዳቤን፣ የባንክ መግለጫን ማንም ሰው ለማያውቀው ኩባንያ ኮምፒውተር ወይም ለማያውቀው ፈቃደኛ ማሳየት አይፈልግም። የሚያይ ሰው ደብዳቤውን ከፍቶ አንብቦ ኪሱ ይከተዋል። እኔም የምፈልገው ከዚህ የበለጠ አይደለም።

በጆሮ ማንበብ ለእኛ አዲስ አይደለም

ይሄን ሁሉ ፈረንጅ ያመጣው ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ወደ አብነት ትምህርት ቤት ይመለስ። ዜማው፣ ቅኔው፣ ትርጓሜው የሚተላለፈው በቃል ነው። ተማሪው ይሰማል፣ ይቀጽላል፣ በልቡ ይጽፋል። በዚህ ስርዓት ውስጥ ዓይነ ስውር ሊቃውንት ወንበር ዘርግተው ዓይናማ ተማሪዎችን አስተምረዋል። በመስጊዱም ቅዱስ ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ ማየት የተሳናቸው ሃፊዞች የተከበሩ ናቸው። የዘመናዊው ትምህርትም ቢሆን የሰበታው መርሃ ዕውራንና የሻሸመኔው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያፈሯቸው ብዙ ናቸው። ከሻሸመኔ የወጣችው የህግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች። ዓይነ ስውር ይማራል አይማርም የሚለው ጥያቄ ድሮ ተመልሷል።

ጆሮ ብቻውን ግን አይበቃም። የሚሰማ ሰው ሀ፣ ሐ እና ኀን አይለይም፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚሁ። በጆሮው ብቻ ያደገ ልጅ ቃሉን ያውቃል፤ አጻጻፉን አያውቅም። ለዚህ ነው ብሬል አሁንም የሚያስፈልገው። ስድስት ነጥብ የሚሰጠው ባዶውን ጨምሮ 64 ቅርጽ ነው፤ ፊደላችን ግን 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። ስለዚህ በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ይጻፋሉ። ጽሁፉ ይረዝማል፤ ልጁ ግን ፊደል በእጁ ይነካል።

ኮምፒውተሩም ቢሆን በዚህ ሊረዳ ይችላል። ስክሪን ሪደሮች ፊደል ለይተው ሲናገሩ የሚጠቀሙበት የመግለጫ ዝርዝር አላቸው። በእንግሊዝኛ ስልክ ላይ ስም ሲያስጽፉ ለእያንዳንዷ ፊደል አንድ የታወቀ ቃል እንደሚጠሩት ያለ ነው። ለእኛ ይህን ዝርዝር የኔታ ድሮ ጨርሰውልናል፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ይሄን በአንድ ፋይል ጽፎ ለነጻ ፕሮግራሞቹ ማበርከት የአንድ ቅዳሜና እሁድ ስራ ነው። በየአገሩ ያላችሁ የአማርኛ ተናጋሪ ፕሮግራመሮች፣ ለአገሬ ምን ላድርግ የምትሉ ከሆነ ይቺን እነሆ።

ህጉ የት ድረስ ይሄዳል?

በምንኖርባቸው አገሮች ህግ አለ። ድረ ገጽ ለአካል ጉዳተኞች እንዴት መሰራት እንዳለበት የሚገልጸው ዓለም አቀፍ መመሪያ በ1999 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። አሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ህጓን ያወጣችው በ1990 ነው። ጊየርሞ ሮብልስ የተባለ ዓይነ ስውር፣ በስክሪን ሪደር ፒዛ ማዘዝ አልቻልኩም ብሎ ዶሚኖስን ከሰሰ፤ ኩባንያው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በጥቅምት 2019 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም በማለቱ ክሱ እንዲቀጥል የፈቀደው የስር ውሳኔ ጸና። የአውሮፓ ህብረት የተደራሽነት ህግም ከሰኔ 28 ቀን 2025 ጀምሮ ባንኮችን፣ የኢንተርኔት ንግድንና የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍትን ያስገድዳል።

ህግ መኖሩ ሁሉን አስተካክሏል ማለት አይደለም። ዌብኤይም የተባለው ተቋም በ2024 አንድ ሚሊዮን የመግቢያ ገጾችን መርምሮ 95.9 በመቶው ላይ ግድፈት አግኝቷል። እኔም የማውቀው ነው፤ የምጠቀምበት የባንክ መተግበሪያ አንድ ቀን ሌሊት ራሱን አድሶ ጠዋት ስከፍተው "አዝራር፣ አዝራር፣ አዝራር" ብቻ ይለኝ ጀመር። የትኛው አዝራር ገንዘብ እንደሚልክ፣ የትኛው እንደሚሰርዝ ስም አልተሰጠውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ የገዛ ገንዘቤን በስልክ ደውዬ ነው ያዘዝኩት። ግን አቤት የምልበት ነበረኝ፤ አቤት አልኩ፣ ተስተካከለ።

የእኛ የአማርኛ ዓለም ግን ከዚህ ህግ ውጪ ነው። እድርን፣ የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤን፣ የመስጊድ ኮሚቴን፣ የቴሌግራም ቻናልን ማን ይከሳል? መክሰስም አይገባም። እዚህ የሚሰራው ይሉኝታና ፍቅር ነው።

አንድ የህግ በር ግን ለእኛም ተከፍቷል፤ ብዙም አልገባንበትም። የማራካሽ ስምምነት የተባለው በ2013 እ.ኤ.አ. የተፈረመ ውል፣ ማንበብ ለተሳናቸው ሰዎች የሚሆን የመጽሐፍ ቅጂ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እንዲዘጋጅና ስልጣን በተሰጣቸው ተቋማት በኩል ከአገር አገር እንዲላክ ይፈቅዳል። ኢትዮጵያም፣ አሜሪካም፣ የአውሮፓ ህብረትም ገብተውበታል። አዲስ አበባ ላይ ለዓይነ ስውራን የተዘጋጀ የአማርኛ ልቦለድ በህጋዊ መንገድ ሲያትል ላለች እናት ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። የቀረው ስራው ነው።

"ስንት ናችሁና?"

በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከኢትዮጵያ ህዝብ 1.6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ያ ዛሬ ቢሆን ከሚሊዮን በላይ ሰው ነው። ግን ጥያቄው የዓይነ ስውራን ብቻ አይደለም። ቤይሩት ወይም ጅዳ በቤት ሰራተኛነት የምትኖር፣ ትምህርት ቤት ያልገባች እህታችንን አስቡ። ስለ መኖሪያ ፈቃድ የወጣ አስቸኳይ ማስታወቂያ ጽሁፍ ሆኖ ቢደርሳት ስልኳን "አንብቢልኝ" ልትለው ትችላለች። ባለ ማህተም ፎቶ ሆኖ ሲደርሳት ግን የአሰሪዋን ልጅ ከመለመን ወይም ዝም ከማለት ሌላ ምርጫ የላትም።

ለሚያይም ሰው ቢሆን ፎቶ ዕድሜ የለውም። ያለፈው ዓመት ማስታወቂያ የት እንደገባ ማን ያውቃል? ጽሁፍ ግን ይፈለጋል፣ ይገለበጣል፣ ይተረጎማል፣ ከዓመታት በኋላ ይገኛል። ፊደል የማይለየው ልጃችን እንኳን ጽሁፉን በመተርጎሚያ አሳልፎ የአያቱን ሰፈር ወሬ ማወቅ ይችላል። በራችንን ለዓይነ ስውር ስንከፍት ከኋላው ብዙ ሰው ይገባል።

ምን እናድርግ?

የምለው ሁሉ ነጻ ነው፤ ከደቂቃም አያልፍም።

ማስታወቂያ የምትለጥፉ ጸሃፊዎች፣ ማህተም ያለበትን ፎቶ ለጥፉ፣ ማንም አይከለክላችሁም፤ ከስሩ ግን ያንኑ ጽሁፍ ለጥፉበት። አስቀድማችሁ በኮምፒውተር ጽፋችሁታል እኮ! ፒዲኤፍ ከፈለጋችሁ ከዎርድ ላይ በቀጥታ አውጡት፤ አትማችሁ መልሳችሁ ስካን አታድርጉት።

አማርኛ የምትጽፉ ሁሉ፣ አራት ነጥብን በአራት ነጥብ ጻፉ። ብዙ ሰው ሁለት ሁለት ነጥብ ደርድሮ አራት ነጥብ ያስመስላል። ለዓይን አንድ ነው፤ ለድምጹ ግን ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም፣ ስለዚህ ሳይተነፍስ ይነጉዳል። ለማሳመርም ብላችሁ "ማ ስ ታ ወ ቂ ያ" ብላችሁ ፊደሉን አትበታትኑት፤ እኔ የምሰማው ስድስት የማይገናኙ ድምጾች ነው።

ድረ ገጽ የምትሰሩ ባለሙያዎች፣ ገጹ አማርኛ መሆኑን በኮዱ ውስጥ ተናገሩ። አንዲት አጭር ምልክት ናት። እሷ ከሌለች የእንግሊዝኛው ድምጽ አማርኛውን ሊያነብ ይገባና ወይ ዝም ብሎ ያልፈዋል ወይ ይቀባጥራል። ለአዝራሮቻችሁ ስም ስጡ፤ ለፎቶዎቻችሁ አንድ መስመር መግለጫ ጻፉ።

አሳታሚዎችና ደራሲዎች፣ በድሮ ፎንት የተለቀመውን መጽሐፋችሁን ወደ ዩኒኮድ አስቀይሩት። የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። ልፋታችሁን ከዝባዝንኬነት አድኑት።

አሜሪካ የምትኖሩ የሚያረጁ ወላጆች ልጆች፣ በኮንግረስ ላይብረሪ ስር ያለው ብሔራዊ የዓይነ ስውራን ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ከ1931 ጀምሮ አለ። የሚናገሩ መጽሐፍትንና ማጫወቻውን በነጻ ቤት ድረስ ይልካል። ዓይን ጨርሶ መጥፋት የለበትም፤ የታተመ ጽሁፍ ለማንበብ የተቸገረ በሃኪም ወይም በሌላ ባለሙያ አስመስክሮ ያመለክታል። በሌላ አገር ያላችሁም በአቅራቢያችሁ ያለውን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። "ዓይኔ ደከመ፣ ከእንግዲህ ማንበብ ቀረ" ብለው የተቀመጡ እናት የቀረባቸው ማንበቡ ሳይሆን መረጃው ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻዋ ጥያቄዬ ትንሽ ናት። ይህን ጽሁፍ ለሰው ማጋራት የፈለገ ካለ፣ እባካችሁ ስክሪን ሾት አንስታችሁ አትላኩት። ሊንኩን ላኩት።

ቸር እንሰንብት።